ፎቶዎቼን ያበላሸችው አንዲት ቢት

መጀመሪያ ያየችው ታናሽ እህቴ ናት። አንድ ምሽት የድሮ ፎቶዎች ልኬላት ነበር። ትንሽ ቆይታ «ይሄ ፎቶ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። ከፍቼ አየሁት። የላይኛው ግማሽ ደህና ነው። አባታችን ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ከደረቱ በታች ግን ቀለሙ በአንዴ ሐምራዊ ሆኗል፤ ምስሉም ወደ ጎን ሸርተት ብሏል። ሲላክ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ ላክሁላት። ያው ነው።

አባታችን አሁን በሕይወት የለም። ፎቶውን ያነሳሁበት ስልክም ከጠፋ ቆይቷል። ያለው ቅጂ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ኮምፒውተር መነካካት እወዳለሁ። ሥራዬ አይደለም፤ ግን ማታ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። የቴክኖሎጂና የሳይንስ ዜና አነባለሁ፤ ያነበብኩትን በራሴ ማሽን ላይ ካልሞከርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። የዚያ ፎቶ ጉዳይ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በመሃል ያነበብኩት ዜና አንዴ አሳሳተኝ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ መንገዱን አሳየኝ። ፋይሉ እየተበላሸ ግራ የገባው ሰው ካለ ከእኔ ባጠረ ጊዜ መልሱ ላይ እንዲደርስ የሆነውን ልጻፈው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሃርድ ዲስኩን ነው። ፋይል የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ ማንም ሰው ቀድሞ እሱን ይጠረጥራል። አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳትም ጠየቅሁ። ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ቶሎ ይቀየር አለኝ። ምንም ጥርጣሬ የሌለበት መልስ ነበር። አዲስ ዲስክ ገዛሁ፣ ሁሉንም ነገር ወደ እሱ ገለበጥኩ። ከሳምንት በኋላ ሳይ ሌሎች ሦስት ፎቶዎች ተበላሽተዋል። አሮጌው ዲስክ ላይ ደግሞ ሦስቱም ደህና ናቸው።

ፍንጩ ገና ከመጀመሪያው ነበረ። ዲስክ መረጃ ሲጽፍ ከእያንዳንዱ ክፍል ጋር የማረሚያ ኮድ አብሮ ያስቀምጣል። ሲያነብ ኮዱ ካልገጠመለት ለማረም ይሞክራል፤ ካቃተው ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ይናገራል። ስለዚህ እየሞተ ያለ ዲስክ ብዙ ጊዜ ያስታውቃል። ይንቀራፈፋል፣ ፋይል አልከፍት ይላል፣ የጤና መዝገቡ ላይ የስህተት ቁጥር ይጨምራል። የእኔ ዲስክ መዝገቡ ንጹህ ነበር። ፎቶዎቹም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይከፈታሉ። ውስጣቸው ብቻ ተቀይሯል።

ፋይል እንዲህ ድምፁን አጥፍቶ ሲቀየር ራሙን አስቡ፤ ራም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት፣ ሲጠፋ ባዶ የሚሆን ሜሞሪ ነው። ፋይል ስንገለብጥ ከዲስክ ወደ ዲስክ በቀጥታ አይሄድም። መጀመሪያ ራም ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ነው ወደ ሌላው የሚጻፈው። ራም ላይ እያለ ከተቀየረ አዲሱ ዲስክ የተቀየረውን እንዳለ ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። የማረሚያ ኮዱንም የሚያሰላው ለተበላሸው ነው። ለዚህ ነው ዲስኩ ምንም ስህተት የማይታየው።

ረዳቱን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ጥያቄዬን ነው የቀየርኩት። «ምን ሆኖ ነው?» ስለው አንድ ግምት ይሰጠኝ ነበር። «ዲስኩ ቢሆን ምን አይ ነበር? ራሙ ቢሆንስ? ኬብሉ ቢሆንስ?» ስለው ግን የምፈትሻቸውን ነገሮች ዘረዘረልኝ። እያንዳንዱን በራሴ ዓይን ማየት ስለምችል መልሱን ማመን አለማመን የሚባል ነገር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም የኮምፒውተር ችግር የምጠይቀው እንደዚህ ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ የመጣው ከአንድ ትልቅ ዚፕ ፋይል ነው፤ ዚፕ ብዙ ፋይሎችን አምቆ በአንድ ላይ የሚይዝ ፋይል ነው። ዚፕ በውስጡ ላለው ለእያንዳንዱ ፋይል አጭር የማረጋገጫ ቁጥር ይይዛል። ሲፈታ ቁጥሩ ካልገጠመ ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል። የእኔም እንደዚያ አለ። ደግሜ ሞከርኩት፣ ያው። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ተከፈተ! ያለ ምንም ችግር። ዲስክ ላይ የተበላሸ ፋይል ኮምፒውተር ስለጠፋና ስለበራ አይድንም። የሚጠፋና እንደ አዲስ የሚሞላ ነገር አንድ ነው፤ እሱም ራም ነው።

ይህን ሳውቅ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አዘንኩ። ከዚያ በፊት ለብዙ ወራት ብራውዘሬ አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት ይዘጋ ነበር። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴ በሁለት ሳምንት አንዴ። ደግሜ እከፍተዋለሁ፣ እረሳዋለሁ። ያኔ ቆም ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ፎቶ ይተርፍ ነበር።

አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባለውን መሐንዲስ የማደንቀው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ስለ ሌላ ነገር የፍጥነት ሙከራ እያደረገ ነበር። ከርቀት ወደ ማሽን የመግቢያው ኤስኤስኤች ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ብዙዎቻችን የማንሰማት ጊዜ ናት። እሱ ግን አላለፋትም። ተከትሏት ሲሄድ ኤክስዜድ በሚባል፣ በብዙ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ውስጥ ባለ የፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር፣ ማለትም ያልተፈቀደለት ሰው ወደ ማሽኑ የሚገባበት ስውር መንገድ አገኘ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት አስተዋጽኦ እያደረገ፣ እምነት እያተረፈ ያስገባው ነው። ቀዳዳው በአደገኝነት መለኪያ ከ10 10 ነው የተሰጠው። ወደ አብዛኛው ሰው ማሽን ሳይደርስ የተያዘው አንድ ሰው ትንሽ መዘግየት ስላላስቻለው ነው። አሁን እኔም ያለ ምክንያት የተዘጋ ፕሮግራም ሁሉ ቀኑን ጽፌ አስቀምጣለሁ። አንድ መስመር ይበቃል።

አሁን ዜና ወዳሳሳተኝ ቦታ ልምጣ። ራም መሆኑን ከጠረጠርኩ በኋላ ልቤ የሄደው ወደ ጠፈር ጨረር ነው። የቤልጂየሙን ታሪክ አንብቤው ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 በተደረገ ምርጫ፣ ስካርቤክ በሚባል የብራስልስ ክፍል፣ አንዲት ዕጩ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ መስጫ ልታገኝ ከምትችለው በላይ ድምፅ አገኘች። ተቆጥሮ ሲጣራ ትርፉ 4096 ነው። ኮምፒውተር የሚወድ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ይነቃል፤ ሁለት በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ የሚመጣ ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ነው፤ እያንዳንዷ 0 ወይም 1 ቢት ትባላለች። ከቀኝ 13ኛዋ ቢት ከ0 ወደ 1 ከተገለበጠች በትክክል 4096 ይጨመራል። መርማሪዎች በፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት ፈልገው አላገኙም። ምናልባት ከጠፈር የመጣ ቅንጣት ቢቷን ገልብጧት ይሆናል የሚለው ግምት የቀረው ሌላ ምክንያት ስለጠፋ ነው፤ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ደግሞም ነገሩ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 መጨረሻ ኤርባስ ወደ 6000 የሚጠጉ የኤ320 ቤተሰብ አውሮፕላኖች ቶሎ እንዲስተካከሉ ጠይቋል። ምክንያቱ ኃይለኛ የፀሐይ ጨረር ለበረራ መቆጣጠሪያ የሚያስፈልግ መረጃን ሊያበላሽ ይችላል የሚል ነበር። ለብዙዎቹ መፍትሔው ወደ ቀደመው ሶፍትዌር መመለስ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ላይ የሚከላከለን አየር ስለሚሳሳ ጨረሩ ይበረታል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የራሱ ፎቶ ሲበላሽ «አንድ ቅንጣት ከሩቅ ኮከብ መጥታ ይሆን?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። እኔም ቀናትን እዚያ ሐሳብ ላይ አሳለፍኩ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ራሙን ለመፈተሽ ያዘገየኝም እሱ ነው፤ ጨረር ከሆነ የሚፈተሽ ነገር የለማ።

ከዚያ ሐሳብ ያወጣኝ የፋይሎቹ ንጽጽር ነው። መሳቢያ ውስጥ የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ውጫዊ ዲስክ ነበረኝ። ሰክቼ ፎቶዎቹን ከአሁኖቹ ጋር በባይት ደረጃ አወዳደርኩ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 29 ፎቶዎች ተለያዩ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የተቀየረችው ባይት አንዲት ብቻ ናት። ከሚሊዮኖች ባይት መሃል አንዲት! ፎቶዎቹ የተቀመጡበት ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነት ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍላል፤ የአንዱን ካሬ አማካይ ቀለም የሚጽፈው ከቀደመው ካሬ ባለው ልዩነት ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ የተፈጠረ ስህተት ከዚያ በኋላ ወዳሉት ሁሉ ይተላለፋል። የአባቴ ልብስ ሐምራዊ የሆነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ልዩነቶቹን በአንድ ገጽ ላይ ደረደርኳቸው። 65 የነበረው 73 ሆኗል። 32 የነበረው 40። 208 የነበረው 216። ሁሉም ላይ የተጨመረው 8 ነው። ሁልጊዜ መጨመር ነው፣ መቀነስ የለም። በባይት ውስጥ ከቀኝ ሲቆጠር የቢቶቹ ዋጋ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ ይሄዳል። ማለትም ሁልጊዜ ያው አራተኛዋ ቢት ናት፣ ሁልጊዜ ወደ 1 የምትዞረው። ባይቷ ያለችበትን ቦታ ደግሞ ለ4096 ሳካፍል ቀሪው በ29ኙም ፋይሎች አንድ ዓይነት ሆነ። ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። የጠፈር ቅንጣት አንዴ ትመታለች፣ ትሄዳለች። 29 ጊዜ ተመልሳ ያችኑ ነጥብ አትመታም።

ለምን 4096? ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሙን የሚያስተዳድረው 4096 ባይት በሚይዙ ገጾች ከፋፍሎ ነው። የእኔ 16 ጊጋባይት ራም ወደ 4.2 ሚሊዮን ገጽ ይሆናል። የታመመችው ነጥብ ከነዚያ ሁሉ በአንዱ ገጽ ላይ ያለች አንዲት ቢት ናት። አንድ ፋይል ሲነበብ የትኛው ገጽ ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። አብዛኛው ጊዜ ደህና ገጽ ላይ ያርፋል። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ክፍል እዚያች ገጽ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ይበላሻል። ዚፑ አንዴ እምቢ ብሎ አንዴ የተከፈተው፣ ብራውዘሩም አንዳንዴ ብቻ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ራም ሲታመም ሁሉንም ነገር በአንዴ ይጥላል ብዬ አስብ ስለነበር አልጠረጠርኩትም።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ሜምቴስት86+ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫንኩ፣ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሳሁት፣ ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት። እዚህ ላይ አደራ የምለው አንድ ዙር ጨርሶ ስህተት ስላላሳየ ብቻ ደህና ነው አትበሉ። የእኔ የመጀመሪያው ዙር ንጹህ ነበር። ስህተቱ የወጣው በሦስተኛው ዙር፣ ራሙ ሲሞቅ ነው። ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ቅንብር) ገብቼ የራሙን ፍጥነት ከፍ የሚያደርገውን ኤክስኤምፒ የተባለ ቅንብር አጠፋሁ። ብዙ ሰው ጋ ችግሩ እዚሁ ያበቃል፤ ራሙ ደህና ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ በዝቶበት ይሆናል። የእኔ አላበቃም። ሁለት ራም ስላለኝ አንዱን አውጥቼ አንዱን ብቻ ፈተሽኩ፤ ከዚያ ቦታ ቀያየርኩ። ስህተቱ ያው አንዱን ራም እየተከተለ ሄደ፣ የትኛውም ስሎት (መሰኪያ ቦታ) ላይ ብሰካው። ስሎቱ ደህና ነው፣ ራሙ ነው የታመመው። ይህን ቅደም ተከተል ሳትጨርሱ ምንም ዕቃ አትግዙ። እኔ ያለ ጥፋቱ የቀየርኩት ዲስክ አለ።

በኋላ ሳነብ የእኔ ሁኔታ የተለመደ መሆኑን አወቅሁ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የጉግልን ሰርቨሮች ለሁለት ዓመት ተኩል ተከታትለው ጥናት አውጥተው ነበር። በዓመት ውስጥ ከራሞቹ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ስህተት አሳይተዋል። የስህተቶቹ አብዛኛው ምንጭም እንደ ጨረር ያለ አላፊ ነገር ሳይሆን የራሱ የዕቃው ብልሽት ሆኖ ነው የተገኘው። ይህን ጥናት ከቤልጂየሙ ታሪክ በፊት አንብቤው ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አልነበረህም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ነበረኝ። በየቀኑ ፎልደሮቼን ወደ ሌላ ዲስክ የሚያመሳስል ፕሮግራም አለኝ። ዋናው ፋይል ሲቀየር እሱም ቅጂውን ይቀይራል። ፎቶው ሲበላሽ የተበላሸውን ገልብጦ ደህናውን ደመሰሰው። ያዳነኝ የተረሳው የመሳቢያ ዲስክ ነው፤ ተነቅሎ ስለቆየ ማንም አልነካውም። አሁን የቀየርኩት ይህን ነው። ባክአፑ የድሮ ቅጂዎችን ሳይደመስስ ለአንድ ዓመት ያቆያል። አንድ ዲስክ ደግሞ በሦስት ወር አንዴ ብቻ ይሰካል።

ከዚህ ጋር የእያንዳንዱን ፎቶ አሻራ እይዛለሁ። አሻራ የምለው ሻ-256 በሚባለው ስሌት ከፋይሉ የሚወጣውን ባለ 64 ፊደል ጽሑፍ ነው። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትቀየር አሻራው ጨርሶ ሌላ ይሆናል። ሊኑክስ ላይም ዊንዶውስ ላይም ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ማውጣት ይቻላል። ፎቶ ስለማይቀየር አሻራውም መቀየር የለበትም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ አወዳድራለሁ። የማይገጥም ካለ ገና ሳይስፋፋ አውቃለሁ።

በዚህ ሁሉ መሃል ብርታት የሰጠኝ የቮየጀር 1 ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የተወነጨፈች መንኮራኩር ናት። በኖቬምበር 2023 ትርጉም የሌለው መረጃ መላክ ጀመረች። ርቀቷ ያኔ 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ አንድ ትእዛዝ እስኪደርስ 22 ሰዓት ተኩል፣ መልሱ እስኪመጣ ሌላ 22 ሰዓት ተኩል ይፈጅ ነበር። መሐንዲሶቹ የሜሞሪዋን ይዘት ልካ እንድታሳያቸው አደረጉና ከብልሽቱ በፊት ከነበራቸው ቅጂ ጋር አወዳደሩት። 3 በመቶው ተበላሽቷል፤ ጥፋተኛዋ አንዲት ቺፕ ናት። እዚያ ሄዶ የሚቀይራት የለም። በቺፗ ላይ የነበረውን ኮድ ብቻውን የሚይዝ ባዶ ቦታ ስላልነበረ ቆራርጠው በተለያየ ቦታ አስቀመጡት። በኤፕሪል 2024 የሚነበብ መረጃ ተመልሶ መጣ። ያን ያነበብኩ ቀን ለራሴ «የአንተ ራም እኮ እጅህ ላይ ነው ያለው» አልኩት።

ራሙን ቀየርኩ። ኢሲሲ የሚባለውን፣ ራሱን የሚያርመውን ራም ማድረግ እፈልግ ነበር፤ ራሙ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዴ፣ አይቀበለውም። ይህ ራም ለ64 ቢት መረጃ 8 ተጨማሪ ቢት ይይዛል፤ አንዲት ቢት ስትሳሳት ያርማታል፣ ሁለት ሲሳሳቱ ደግሞ ያሳውቃል። ሐሳቡ የሪቻርድ ሃሚንግ ነው። ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የሚተወው ስሌት በማሽኑ ስህተት እየተቋረጠ ሰኞ ሲመጣ ባዶ እጁን ስለሚቀር ተናዶ የሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ነው ያሳተመው። አብዛኞቹ ሰርቨሮች ይጠቀሙበታል፤ የቤት ኮምፒውተሮች ግን አብዛኞቹ የላቸውም። ይህ ልክ አይመስለኝም። የሰው ልጅ ውድ ነገሩን የሚያስቀምጠው እኮ ቤቱ ነው። ቀጣዩን ኮምፒውተር ስገጣጥም ማዘርቦርዱን የምመርጠው በዚህ ነው። ዲዲአር5 የሚባለው አዲሱ የራም ዓይነት የራሱ ማረሚያ አለው ሲባል ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ፣ ያ ማረሚያ የሚሠራው በቺፑ ውስጥ ብቻ ነው። ከቺፑ ወጥቶ እስከ ፕሮሰሰሩ ባለው መንገድ ላይ የሚበላሸውን አያይም።

29ኙን ፎቶዎች ከመሳቢያው ዲስክ መለስኳቸው። ከዚያ ዲስክ በኋላ የመጡትን አንድ በአንድ ከፍቼ ሳይ 8 ተበላሽተዋል። የአባቴ ፎቶ ከነሱ አንዱ ነው። የሚወዳደር ደህና ቅጂ የለውም።

ግን የታመመችውን ቢት አውቃታለሁ። የምትቀመጥበትንም አውቃለሁ። ፎቶው 3 ሜጋባይት ነው፤ በዚያ ቀሪ መሠረት ተጠርጣሪ ሊሆኑ የሚችሉት ባይቶች 768 ብቻ ናቸው። ብልሽቱ የሚጀምረው መሃል አካባቢ ስለሆነ አብዛኞቹ ወደቁ። አራተኛ ቢታቸው 0 የሆኑትም ወደቁ፤ የታመመችው ቢት 1 ብቻ ነው የምታደርገው። 61 ቀሩ። ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ከእያንዳንዳቸው ላይ በየተራ 8 ይቀንሳል፣ ፎቶውን በአዲስ ስም ያስቀምጣል። ከዚያ 61ዱን ፎቶዎች በተርታ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ እንደ በፊቱ ሐምራዊ።

23ኛው ሙሉ ነበር።

በዚያው ሌሊት ለእህቴ ላክሁላት። ጠዋት ነው ያየችው። «ሰዓቱን አድርጎት ነበር ለካ» አለችኝ።